ማንም የማይጠየቅበት ኪሳራ

ነጋዴ ሰብሰብ ብሎ በሚጫወትበት ቦታ ሁሉ አንድ ቅሬታ አይጠፋም፦ «ነገሩ እኮ አልቆ ነበር፤ ጠበቆቹ ናቸው የያዙት»። ቡና ወደ ውጭ በሚልክ ድርጅት ውስጥ የሽያጭና የውል ጉዳይ እከታተላለሁ። ይህን ቅሬታ ከሻጭም ከገዢም ሰምቼዋለሁ፤ እውነትም አለው። ሁለት ሰዎች ተጨባብጠው የጨረሱት ነገር ጠበቃ ዘንድ ከገባ በኋላ ሲንከባለል፣ ባንክ ወለዱን ሲቆጥር፣ ገበያው ሲገለባበጥ አይቻለሁ። የማወጋችሁ ግን ጠበቃ ለማማት አይደለም። በዚህ ሥራ ላይ ከመፈረሙ በፊት አንድ አንቀጽ ያየ ጠበቃ ቤቱን ከመዘጋት ያተረፈለት ነጋዴ ብዙ ነው። የማወጋችሁ አንድ ውላችን በጠበቆች መሐል እንዴት እንደተያዘና በምን እንደተለቀቀ ነው፤ ከዚያም አጥብቄ የማምንበትን አንድ ነገር እላለሁ። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና ራቅ ካለ ቦታ ልጀምር።

የድርጅታችንን ባለቤት ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ጋሼ ወደ ቡና ንግድ የገቡት ሁሉም በፈረሱላ በሚቆጥርበት ዘመን ነው። አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው፤ ዛሬም በኪሎ የጀመሩትን ሒሳብ መሐል ላይ ወደ ፈረሱላ ይመልሱታል። በወጣትነታቸው ሻጭና ገዢ ናሙናውን በእፍኝ ዘግነው፣ አይተው፣ አሽትተው፣ ዋጋው «ተቆረጠ» ከተባለ ተቆረጠ ነበር። የካደ ቢኖር ሽማግሌ ይቀመጥበታል። ሽማግሌ ያልመለሰው ሰው ደግሞ ከዚያ ወዲያ በገበያው ውስጥ ቡና የሚያምነው አያገኝም። ጋሼ እስከ ዛሬ «ስም ከማኅተም ይከብዳል» ይላሉ፤ ሲሠሩም እንደዚያው ናቸው።

አንዳንድ ሰው እንዲህ ያለው ንግድ ከሕግ ውጭ የነበረ ይመስለዋል። አልነበረም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን፣ ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ያረቀቁትና 3367 አንቀጾች ያሉት ትልቅ መጽሐፍ፣ በዚህ ጉዳይ ላይ ቃሉ ግልጽ ነው። አንቀጽ 1719 ሕግ ወይም ተዋዋዮቹ ራሳቸው የተለየ አጻጻፍ ካላዘዙ በቀር ውል የተለየ ፎርም አያስፈልገውም ይላል። አንቀጽ 1731 ደግሞ በሕግ አግባብ የተቋቋመ ውል ባቋቋሙት ሰዎች ላይ ሕግ እንደሆነ ይደነግጋል። ቤት ሲሸጥ በጽሑፍ ይሁን፣ ምስክር ይኑር ተብሏል። ለጆንያ ቡና ግን ሕጉ የሰዎቹን መስማማት አክብሯል። ይህን አሁን የማነሳው ወደ በኋላ ስለሚያስፈልገን ነው።

በኅዳር 2017 ዓ.ም. ሐምቡርግ ካለ አንድ ቡና የሚቆላ ድርጅት የግዢ ኃላፊው ወደኛ መጣ። የይርጋጨፌውን አዲስ ምርት የመጀመሪያ ናሙና ቆልተን፣ ፈጭተን፣ በቅምሻ ክፍላችን ጠረጴዛ ላይ በመስመር ደረደርንለት። ሙቅ ውሃው ከተጨመረ ከአራት ደቂቃ በኋላ ላዩ ላይ የተንሳፈፈውን ቡና በማንኪያ እየሰበረ፣ አፍንጫውን ወደ ስኒው ዝቅ እያደረገ ከዳር እስከ ዳር ሄደ። ከአንዲት ስኒ ፊት ቆመ፤ አለፈ፤ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ የተነጋገርነው ስለዚያች ስኒ ብቻ ነበር። ምሳ ሳይቀርብ ነገሩ አለቀ። ሦስት ኮንቴይነር፣ በእያንዳንዱ ባለ 60 ኪሎ 320 ጆንያ፣ ማለትም 19,200 ኪሎ። ዋጋው የኒው ዮርክ ገበያ ዋጋ ላይ ለጥራቱ የተስማማንበት ጭማሪ ተደርጎ። ርክክቡ ጅቡቲ ወደብ መርከብ ላይ፤ ጭነቱ በየካቲትና በመጋቢት። ክፍያው ሰነዶቹ በባንክ ሲቀርቡ። ጋሼና እንግዳው ተጨባበጡ። «የቀረው ወረቀቱ ነው» ተባባልን።

የቡና ንግድ ለዚህ ወረቀት የተዘጋጀ መሣሪያ አለው። የአውሮፓ ቡና ፌዴሬሽን ያወጣው መደበኛ የቡና ውል ከአውሮፓ ገዢ ጋር የሚሠራ ላኪ ሁሉ የሚያውቀው ነው። የሚዛን ልዩነት ቢገኝ፣ ጥራቱ ከናሙናው ቢያንስ፣ መርከብ ቢዘገይ፣ ሙግት ቢነሳ የት በግልግል እንደሚታይ ሁሉ ተጽፎበታል። ለምሳሌ በተጫነ ክብደት በተሸጠ ቡና ላይ ጉድለቱ ከ0.5 በመቶ ካለፈ ሻጩ ትርፉን እንደሚመልስ ማንም አይከራከርበትም፤ አስቀድሞ ተወስኗል። ስለዚህ ሁለት ወገኖች መጠኑን፣ ደረጃውን፣ ዋጋውንና የመጫኛውን ወር በአንድ ገጽ ጽፈው «በመደበኛው ውል መሠረት» ብለው ይፈርማሉ። በዚህ መንገድ ስንት ኮንቴይነር ልከናል።

በዚያ ዓመት ግን የመጣው ያ አንድ ገጽ አልነበረም። ከገዢው የሕግ ክፍል፣ በነገረ ፈጃቸው የተዘጋጀ፣ ገና ሲከፈት ትርጓሜው ብቻ ገጾች የሚፈጅ የአቅርቦት ማዕቀፍ ውል ነበር። ምክንያት አለው። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 እ.ኤ.አ. ያወጣው ደንብ ቁጥር 2023/1115 ከታኅሣሥ 31 ቀን 2020 እ.ኤ.አ. በኋላ ደን ከተመነጠረበት መሬት የተገኘ ቡና ወደ ገበያው እንዳይገባ ይከለክላል። አስመጪው እያንዳንዱ ቡና የበቀለበትን ማሳ መገኛ ማቅረብ አለበት። ከ4 ሄክታር በታች ለሆነ ማሳ አንድ ነጥብ ይበቃል፤ ነጥቡ ግን ከነጥብ በኋላ ቢያንስ ስድስት አኃዝ ይዞ መጻፍ አለበት። ለጣሰ ድርጅት አገሮቹ የሚወስኑት የገንዘብ ቅጣት ጣሪያ በኅብረቱ ውስጥ ካለው ዓመታዊ ሽያጩ ከ4 በመቶ እንዳያንስ ተደንግጓል። እንግዲህ የሐምቡርጓ ነገረ ፈጅ ይህን አንብባ እንቅልፍ ቢነሳት ማን ይፈርድባታል? ያንን ፍርሃት ወስዳ በአንድ አንቀጽ አጠረችው፦ ሻጩ ከመረጃው ጋር በተያያዘ ለሚደርስ ማናቸውም ጉዳት፣ ቅጣትና ወጪ ያለ ገደብ ይክሳል።

የኛ ጠበቃ አንቀጹን ሲያነቡ መነጽራቸውን አወለቁ። እኚህ ሰው ጠንቃቃና የተከበሩ ናቸው፤ ሲሠሩ የኖሩት ብቻቸውን ነው። በአገራችን ጠበቆች ተሰባስበው በድርጅት መልክ እንዲሠሩ የተፈቀደው በ2013 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1249 ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ጠበቃ ጠዋት ችሎት ቆሞ፣ ከሰዓት ውል አርቅቆ፣ ማታ ደንበኛ አነጋግሮ ነበር የሚያድረው። የሳቸው ልማድ የተሠራው በችሎት ነው። ችሎት ደግሞ ሰው በወረቀት ላይ የተዋትን ቀዳዳ ሁሉ ባላጋራ ሲገባባት ያሳያል። ስለዚህ «ያለ ገደብ» የሚለውን ሰርዘው ብቻ አልተዉትም። የግልግል ዳኝነቱ አዲስ አበባ ይሁን፣ የሚገዛው ሕግ የኢትዮጵያ ይሁን፣ ከዓቅም በላይ በሆነ ምክንያት ውስጥ የመንገድ መዘጋትና የቡና ዋጋ መናር ይግባ ብለው ረቂቁን በቀይ ሞልተው መለሱት።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን ይህን ሥራ የሠራ ሁሉ ያውቀዋል። ረቂቁ ይሄዳል፤ ይመጣል። በኅዳጉ ላይ አስተያየት፣ በአስተያየቱ ላይ መልስ፣ በመልሱ ላይ ሌላ መልስ ይጻፋል። በአንዱ ገጽ ዳር ላይ ስድስት የተለያየ ቀለም ቆጥሬ አውቃለሁ፤ የሚከራከሩት «ምክንያታዊ ጥረት» በሚልና «ተገቢ ጥረት» በሚል መካከል ነበር። የሐምቡርጓ ነገረ ፈጅ ለገናቸው ሥራ ዘግታ ሄደች። እሷ ስትመለስ የኛ ገና ደረሰ፤ ታኅሣሥ 29። ወዲያው ጥር 11 ጥምቀት። በዚያ መሐል የአውሮፓ ኅብረት ራሱ የደንቡን ተግባራዊነት በአንድ ዓመት አራዘመው። እኔ እፎይ አልኩ። ጠበቆቹ ግን አንቀጹ የተጻፈው በአሮጌው ቀን ላይ ስለሆነ እንደ አዲስ መከለስ አለበት ብለው ከፈቱት።

ቡናው ግን ጠበቃ አይጠብቅም። እሸቱ ከጥቅምት ጀምሮ ይለቀማል፤ በዚያው ዕለት ካልተፈለፈለ ይበላሻል። ታጥቦ ከነስስ ሽፋኑ አልጋ ላይ ይሰጣል፤ እርጥበቱ ወደ 11 በመቶ ሲወርድ ወደ መጋዘን ይገባል። ለእያንዳንዱ ኪሎ እሸት ለገበሬው ጥሬ ገንዘብ ይከፈላል። ገንዘቡ የሚመጣው ከባንክ ብድር ነው፤ ባንኩ ደግሞ ለላኪ ሲያበድር የሚጠይቀው የተፈረመ የሽያጭ ውል ነው። የሽያጭ ውሉ በቡናና ሻይ ባለሥልጣን ካልተመዘገበም ጭነት የለም። ዋጋም በተፈረመ ውል ላይ ነው የሚቆረጠው። ይህ ሁሉ በአንድ ፊርማ ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ የኒው ዮርክ ገበያ በታኅሣሥ ከ1977 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቆሞ የነበረውን ክብረ ወሰን ሰበረ። በየካቲት አንድ ፓውንድ ቡና ከ4 ዶላር በላይ ተሸጠ። ቡናው በሚመጣበት በጌዴኦ የእሸት ዋጋ በየሳምንቱ እየተነሣ፣ ቡናውን የሚያቀርብልን የማጠቢያ ጣቢያ ባለቤት በየማታው እየደወለ «ወንድሜ፣ ሰዎቹ ፈረሙ?» ይለኝ ነበር።

ያኔ የሆነች አንዲት ነገር ትዝ ትለኛለች። ሥራው ይፋጠናል ብለን ፊርማውን ቀድመን ማዘጋጀት ፈለግን። ከጠበቆቹ አንዱ ውሉ በመንግሥት መሥሪያ ቤት መጽደቅ አለበት፣ ከዚያም ውጭ ጉዳይ፣ ከዚያም ኤምባሲ ብሎ ጻፈ። ረቂቁን ይዤ ወደ መሥሪያ ቤቱ ሄድኩ። መስኮቱ ላይ የነበረችው ወጣት ገጾቹን ረጋ ብላ ገለጠችና «ይሄ እኮ የቡና ሽያጭ ነው፤ ለምን ማጽደቅ አስፈለገዎት? ሕግ ያዘዘዎት የለም» አለችኝ። መውጫው ላይ ቆሜ አንቀጽ 1719 ትዝ አለኝ። ያንን ማኅተም የጠየቀው ሕጉ አልነበረም፤ ገዢውም አልነበረም፤ ጋሼም አልነበሩም። አንድ ሰው «ቢኖር አይጎዳም» ብሎ ጻፈው፤ ሌላው «ከተጻፈ አስፈላጊ ነው» ብሎ ተቀበለው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ረቂቁን በሌላ ዓይን ማንበብ ጀመርኩ። በእያንዳንዱ አከራካሪ አንቀጽ ጎን «ይህን ማነው የፈለገው?» ብዬ ጻፍኩ። መልስ ያላገኙት ጥያቄዎች ብዙ ነበሩ።

እዚህ ላይ ነው የነገሩ ሥር። ጠበቃ ውል ውስጥ ያልጻፋት አንዲት ቃል ነገ ጉዳት ብታመጣ የሚጠየቀው እሱ ነው። ስሙ ይነሣል፤ ሙያው ይጠየቃል። ውሉ በመዘግየቱ ስለጠፋው ሽያጭ፣ ስላመለጠው መርከብ፣ ስለተከፈለው ወለድ፣ ተስፋ ቆርጦ ለሌላ ስለሸጠው አቅራቢ ግን ጠበቃውን የሚጠይቀው የለም። ይህ ኪሳራ በየትኛውም አንቀጽ ውስጥ አይጻፍም። ስለዚህ የጠበቃ ሚዛን አንዱ ወገን ብቻ ክብደት ያለው ሚዛን ሆኖ ይቀራል፤ የሚያውቀውን አደጋ ያያል፣ የማይጠየቅበትን አያይም። ይህ የጠባይ ጉድለት አይደለም፤ የሥራው አሠራር ነው። ጠበቃን ያለ ትእዛዝ ውል ላይ ማሰማራት ዘበኛን ማን ይግባ ማን ይመለስ ሳይነግሩት በር ላይ እንደማቆም ነው፤ በራሱ ላይ ጥፋት እንዳይመጣ ሁሉንም ይመልሳል። አደጋን ማሳየት የጠበቃ ሥራ ነው፤ የትኛውን አደጋ ተቀብሎ መሄድ እንደሚሻል መወሰን ግን የባለቤቱ ነው። ባለቤት ይህን ውሳኔ ለጠበቃ ከተወለት የውሉ መዘግየት አይቀርም።

ይህን ለጋሼ በዝርዝር አቀረብኩላቸው። በአንድ ወረቀት ላይ ያልተስማማንባቸውን ነጥቦች ሁሉ አወጣሁ፤ ከእያንዳንዱ ጎን ሦስት ጥያቄ። ቢደርስ ዋጋው ስንት ነው? የመድረሱ ዕድልስ? ከሁለታችን ማን ሊከላከለው ይችላል? ከታች ደግሞ ሌላ መስመር ጨመርኩ፦ በየሳምንቱ የምንከፍለው ወለድ፣ የመርከቡ የመጨረሻ መጫኛ ቀን፣ የጣቢያው ባለቤት የሚጠብቅበት ጊዜ። ጋሼ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበቡና «ልጄ፣ ይህን እሷም ታየዋለች፤ የሷም አለቃ ያየዋል፤ የኛም ጠበቃ ያየዋል። አራታችንንም በአንድ ላይ አገናኘን» አሉኝ። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል እንዲሉ፣ እስከዚያ ድረስ ከውሉ ባለቤቶች አንዳቸውም ለሌላው በአንደበታቸው አልተናገሩም ነበር። በጠበቆቹ ብዕር ነበር የሚነጋገሩት።

ስብሰባው በቪዲዮ ሆነ። ጋሼና የኛ ጠበቃ ከኔ ጋር፣ የግዢ ኃላፊውና ነገረ ፈጃቸው ከወዲያ ማዶ። መጀመሪያ ያሳየኋቸው ውሉን አልነበረም። ከጣቢያው የመጣ ፎቶግራፍ ነበር። አንዲት ገበሬ ደጃፏ ላይ ከእንሰቱ ሥር በበቀለው ቡና መሐል ቆማለች፤ የጣቢያው ሠራተኛ ስልኩን ወደ ላይ ይዞ የማሳውን ነጥብ ይመዘግባል። ከሥር ነጥቡ ተጽፏል፤ ከነጥብ በኋላ ስድስት አኃዝ። የጌዴኦ ገበሬ ቡናን፣ እንሰትንና ትልልቅ ዛፎችን በአንድ ማሳ ላይ አብሮ ነው የሚያለማው። ይህ መልክዓ ምድር በ2023 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ለዚሁ ነው። ነገረ ፈጇ ዝም ብላ ተመለከተችና አንድ ጥያቄ ጠየቀች፦ «ይህ መረጃ ከመጫኑ በፊት ሊደርሰን ይችላል?» «ይደርሳል» አልናት። ያችን ጥያቄ ከኅዳር ጀምሮ የጠየቀን አልነበረም። በቀይ የተሞላው አንቀጽ ያለ ገደብ ካሳ የጠየቀው መረጃው ከመጫኑ በፊት ይታያል ብሎ ስላላሰበ ነበር።

ከዚያ በኋላ ጋሼ ወደ ጠበቃችን ዘወር ብለው «እርስዎ የሚፈሩትን በብር ይንገሩኝ» አሏቸው። ጠበቃችን አሰቡ። «ጋሼ፣ እኔ የምፈራው ከአንድ ኮንቴይነር በተነሣ ስህተት ድርጅቱ በሙሉ እንዳይጠየቅ ነው» አሉ። ጋሼ ወደ ስክሪኑ ዞሩ። «እኛ የሰጠናችሁን መረጃ በሐሰት ከሰጠን በዚያው ኮንቴይነር ዋጋ ልክ እንጠየቅ። ናሙናና መረጃ ሳትቀበሉ አንጭንም። ተቀብላችሁ ዝም ካላችሁ ግን ኃላፊነቱን አብረን እንሸከም።» ኃላፊው ነገረ ፈጇን አያት፤ እሷም ራሷን ነቀነቀች። አንቀጹን ሁላችንም እያየን እዚያው ጻፈችው። ከዚህ ቀደም አንድ ገጽ ከግማሽ የነበረው ሦስት ዓረፍተ ነገር ሆነ። የትኛውም ጠበቃ ከሌላው የተሻለ ወይም የከፋ አልነበረም። የጎደላቸው ባለቤቶቻቸው የሚፈልጉትን ማወቅ ነበር።

ሌሎቹም በተራቸው ተፈቱ። የግልግሉ ቦታ በመደበኛው የቡና ውል እንዲሆን ተስማማን። ኢትዮጵያ የውጭ የግልግል ውሳኔዎች ዕውቅና ስለሚያገኙበት የኒው ዮርክ ስምምነት ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ አባል ናት፤ ሐምቡርግም ይሁን ሌላ ቦታ የተሰጠ ውሳኔ እዚህ ሊፈጸም የሚችልበት መንገድ ስላለ ጠበቃችን በቦታው ላይ ያላቸውን ተቃውሞ ተዉ። የዋጋ መናርን ከዓቅም በላይ በሆነ ምክንያት ውስጥ እናስገባ የተባለውን ደግሞ የራሳችን ሕግ መለሰው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በአንቀጽ 1793 የመንግሥት ክልከላን፣ የተፈጥሮ አደጋንና ጦርነትን ከዓቅም በላይ ብሎ ይጠራል። በአንቀጽ 1794 ግን የጥሬ ዕቃ ዋጋ መጨመርና መቀነስ፣ እንዲሁም ግዴታን የሚያከብድ አዲስ ሕግ መውጣት ከዓቅም በላይ አይደለም ይላል። ይህን የጻፉ ሰዎች በ1952 ዓ.ም. ስለ ዛሬው ገበያና ስለ ዛሬው ደንብ አስቀድመው ያሰቡ ይመስላል። ነጋዴ ዋጋ ሲወጣ ከቃሉ ይወጣ ዘንድ አልፈቀዱለትም። ጋሼ አንቀጹን በድምፅ አስነብበው «እንዲህ ነው ድሮም የምናውቀው» አሉ።

ውሉ ተፈረመ። ግን ያላስከፈለን እንዳይመስላችሁ። የመጀመሪያው መርከብ ላይ ይዘን የነበረው ቦታ አለፈን። ከሦስቱ ኮንቴይነር የአንዱን ቡና የማጠቢያ ጣቢያው ባለቤት ለሌላ ላኪ ሸጦት ነበር። አልፈረድኩበትም፤ የገበሬዎቹን ገንዘብ መክፈል ነበረበት። የኛም ባንክ ወለዱን አልማረንም። ይህ ሁሉ ኪሳራ ማንም ያልጻፈው፣ ማንም ያልፈረመበት፣ ማንም የማይጠየቅበት ኪሳራ ነው። እኔን የሚያሳዝነኝም እሱ ነው። ቡና ላይ የዓመት ድካሙን የጣለ ገበሬ ኪሱ የሚደርሰው ገንዘብ በአንድ ቃል ዙሪያ በሚደረግ ክርክር ሲዘገይ ገበሬው ይህን አያውቅም፤ ቢያውቅም የሚናገርበት ሥፍራ የለውም።

ከዚያ ወዲህ በድርጅታችን አንዳንድ ነገር ተለውጧል። ጠበቃ ከመጥራታችን በፊት የሁለቱ ወገን ባለቤቶች አንዲት ገጽ ይፈርማሉ፤ መጠን፣ ደረጃ፣ የዋጋ አወሳሰን፣ የመጫኛ ወር፣ ክፍያ፣ የናሙና ማጽደቂያ፣ የግልግል ቦታ። ያችን ገጽ ጠበቃ ያስከብራታል እንጂ አይከፍታትም። መደበኛ ውል ባለበት ከባዶ አንጽፍም። ረቂቅ ሲመለስ አስተያየቱን የሚሰበስብ አንድ ሰው ብቻ ነው። ነጥቦቹን በሦስት እንከፍላለን፤ የገንዘብ፣ የሕግና የአጻጻፍ። የገንዘቡን ባለቤቶች በስልክ ይጨርሱታል፤ የሕጉን ጠበቆች ይይዙታል፤ የአጻጻፉን ማንም ቢሸነፍ ለውጥ ስለማያመጣ እንለቃለን። የጠበቃ ክፍያም በሥራው ልክ አስቀድሞ ይቆረጣል። ትልቁ የማዕቀፍ ውል እስኪያልቅ የመጀመሪያው ኮንቴይነር በአጭሩ ውል ይጫናል። የመርከቡ የመጨረሻ ቀንም ጠበቃው የሚቀበለው የመጀመሪያው ወረቀት ላይ ይጻፋል።

ፍጥነት ብቻ ይሁን ማለቴ አይደለም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። በችኮላ የተፈረመ ውል ስንት ሰው ችሎት ላይ እንዳቆመ አውቃለሁ። የምለው ጥንቃቄው ትክክለኛ ቦታው ላይ ይዋል ነው። ብዙ ገንዘብ የሚያስከፍለው አንቀጽ ላይ ጠበቃው ጊዜውን ሁሉ ያጥፋ፤ ከሁሉም በፊት ግን ማን ምን እንደሚፈራና ምን እንደሚፈልግ ከአንደበቱ ይስማ።

አሁን ጠበቆች ተሰባስበው ድርጅት ማቋቋም ችለዋል፤ የንግድ ውልን ሙያቸው ያደረጉ ወጣቶችም እየመጡ ነው። ለእነሱ የምለው አለኝ። የቡና ውል የምታረቁ ከሆነ በምርት ወቅት አንድ የማጠቢያ ጣቢያ ሂዱ፤ ገበሬው ገንዘቡን መቼ እንደሚቀበል ጠይቁ፤ መርከቡ መቼ እንደሚነሣ ጠይቁ። ከዚያ በኋላ ለደንበኛችሁ ከአደጋው ዝርዝር ጎን የመዘግየቱን ዋጋ ጻፉለት፤ ውሳኔውን ለሱ ተዉለት። ነጋዴውም ውሳኔው የራሱ መሆኑን አውቆ በጊዜው ይወስን። ሁለቱ በየድርሻቸው ሲቆሙ ውሉ ያጥራል፤ ያጠረውም ውል ይጸናል።